በወጥ ቤቱ ሶፋ ላይ የሚጠብቀው ልጅ፦ የአስትሪድ ሊንድግሬን ሕይወት ተረቶቿ ውስጥ እንዴት ገባ?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ስቶክሆልም ነው። ልጄ 10 ዓመቱ ነው፤ አራተኛ ክፍል ነው። መምህሯ ‹ወንድማማቾቹ ልበ አንበሳ› የሚባለውን የአስትሪድ ሊንድግሬን መጽሐፍ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ታነብላቸዋለች። ታሪኩ ገና ሲጀምር ልጆች ይሞታሉ፤ ሲያልቅም ሞት አለ ይላሉ። ልጄ ማታ ማታ ‹ናንጊያላ እውነት አለ?› እያለ ይጠይቀኛል፤ ናንጊያላ ወንድማማቾቹ ከሞቱ በኋላ የሚገናኙበት አገር ነው። ለልጆች የሚጽፍ ሰው ለምን እንዲህ ያለ ነገር ይጽፋል? አንዲት ጓደኛዬ ‹ደራሲዋ በወጣትነቷ ልጇን ለጉዲፈቻ ሰጥታ ነበር፤ በጸጸት ነው የጻፈችው› አለችኝ። እውነት ነው? ለልጄስ ምን ልበለው?»

ምላሽ፦

ከጓደኛዎ ወሬ ልጀምር፤ ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ ስሕተት። አስትሪድ ሊንድግሬን በ19 ዓመቷ ከጋብቻ ውጭ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ልጁም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ከእሷ ጋር አልኖረም። ይህ እውነት ነው። ለጉዲፈቻ ግን አልሰጠችውም። በአደራ ነው ያስቀመጠችው። ልዩነቱ የቃል ብቻ እንዳይመስልዎ። በጉዲፈቻ ልጁ በሕግ የሌላ ቤተሰብ ልጅ ሆኖ ነገሩ ይቋጫል። አደራ ግን አይቋጭም፤ ያስቀመጠው ሰው መመለስ አለበት፣ የተቀመጠው ልጅም ይጠብቃል። ሕይወቷን በመጽሐፎቿ ውስጥ ለሚፈልግ ሰው ቁልፉ «ይጠብቃል» የምትለው ቃል ናት። «ጸጸት» የሚለው ብዙ አያስኬድም።

የሆነው ይህ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አስትሪድ ኖቬምበር 14 ቀን 1907 በደቡብ ስዊድን፣ በስሞላንድ ግዛት፣ ከቪመርቢ ከተማ ዳር ባለችው ኔስ ተወለደች። አባቷ ሳሙኤል አውጉስት የቄሱን መሬት ተከራይቶ የሚያርስ ገበሬ ነበር። ትምህርቷን እንደ ጨረሰች በከተማዋ ጋዜጣ በተለማማጅነት ተቀጠረች። ከዋና አዘጋጁ ከሬይንሆልድ ብሎምበርግ አረገዘች። ሰውየው 50 ዓመት ሊሞላው የተቃረበ፣ ባለትዳርና የሰባት ልጆች አባት ነበር። ሊያገባት ፈለገ፤ እሷ አልፈለገችም። በ1926 መገባደጃ ቪመርቢን ለቅቃ ስቶክሆልም ገባችና የጸሐፊነት ሥራ መማር ጀመረች፤ የጽሕፈት መኪናና ስቴኖግራፊ፣ ማለትም ንግግርን በፍጥነት በምልክት የሚይዝ አጭር ጽሕፈት። ስቴኖግራፊውን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ኤቫ አንዴን የተባለች የሕግ ጠበቃ መውጫ አሳየቻት። ኮፐንሃገን ያለው ሪግስሆስፒታል በስካንዲኔቪያ እናት የራሷንም ሆነ የልጁን አባት ስም ለመንግሥት መዝገብ ሳታሳውቅ የምትወልድበት ብቸኛው ሆስፒታል ነበር። ዲሴምበር 4 ቀን 1926 እዚያ ወለደች። ልጁ ላሽ ተባለ፤ ሲቆላመጥ ላሴ። በከተማይቱ ዳር፣ ብሮንስሆይ በሚባለው ሰፈር፣ ማሪ ስቴቨንስ የተባሉ ደግ ሴት በአደራ ተቀበሉት። አስትሪድ ስቶክሆልም ተመልሳ በትንሽ ደሞዝ በጸሐፊነት ትሠራ ጀመር። ገንዘብ ባገኘች ቁጥር ዓርብ ማታ በርካሹ የሌሊት ባቡር ትሳፈራለች፤ ቅዳሜ ጠዋት ኮፐንሃገን ትደርሳለች፤ እሑድ ትመለሳለች፣ ሰኞ ሥራ አለባትና። ከልጇ ጋር የምታሳልፈው አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ገደማ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ የሄደችው ከ12 እስከ 15 ጊዜ ይሆናል። ልጁ በዴንማርክ ቋንቋ አፉን ፈታ።

ከዚያ ማሪ ስቴቨንስ በልብ በሽታ ታመሙ፤ አደራውም መቀጠል አልቻለም። በጃንዋሪ 1930 ላሴ ወደ ስቶክሆልም መጣ፤ ትክትክ ይዞት ነበር። የሚያውቀው ቤትና የሚያውቃት «እናት» ኮፐንሃገን ቀሩ። ለጥቂት ወራት ስቶክሆልም ከቆየ በኋላ ኔስ ወስዳ ወላጆቿ ዘንድ አኖረችው። በ1931 ስቱሬ ሊንድግሬንን ስታገባ ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእናቱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ለዘለቄታው መኖር ጀመረ። ዕድሜው ወደ አምስት ዓመት ተጠግቶ ነበር።

ይህን ታሪክ ሰፊው አንባቢ የሰማው በ1977 ማርጋሬታ ስትሮምስቴት የሕይወት ታሪኳን ስታሳትም ነው። ዓመቱን ልብ ይበሉ። «ወንድማማቾቹ ልበ አንበሳ» የታተመው በ1973፣ «ሚዮ፣ ልጄ ሚዮ» የታተመው ደግሞ በ1954 ነው። የስዊድን ልጆች፣ ወላጆቻቸውና ሐያስያኑ እነዚህን መጽሐፎች ያነበቡት ስለ ላሴ ምንም ሳያውቁ ነው። መጽሐፎቹ ያለ ምሥጢሩም ቆመው ሄደዋል። ስለዚህ ሕይወቷን ማወቅ መጽሐፉን ለመረዳት ግዴታ አይደለም፤ ጥያቄዎን በሚገባ ለመመለስ ግን ይረዳል።

አሁን ወደ መጽሐፎቹ። የአንድ ደራሲ ሕይወት ሥራው ውስጥ እንዴት እንደ ገባ ለማየት ብዙ ሰው የሚመሳሰሉ ክስተቶችን ይፈልጋል፦ እሷ ወንድም ነበራት፣ መጽሐፉ ውስጥም ወንድም አለ። ይህ መንገድ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። የሊንድግሬንን ምናባዊ ተረቶች አንድ ላይ ደርድሮ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ብቻ ማንበብ የተሻለ ነው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ ታሪኩ ሲጀምር ልጁ የት ነው ያለው? ከማንስ ጋር?

በ1949 በታተመው «ኒልስ ካርልሰን ፒስሊንግ» ውስጥ ቤርቲል የሚባል ትንሽ ልጅ ብቻውን ቤት ውስጥ አለ። እናትና አባቱ ፋብሪካ ናቸው፣ እህቱ ሞታለች፤ ውጭው እየጨለመ ነው፣ እሱ በመስኮት ያያል። በ«ሚዮ» ውስጥ ቡ ቪልሄልም ኦልሶን፣ ቤት ውስጥ ቦሴ የሚሉት፣ የ9 ዓመት ልጅ ነው። እናቱ እሱን ስትወልድ ሞታለች፤ አባቱን አይቶት አያውቅም። ከሕፃናት ማሳደጊያ የወሰዱት አክስት ኤድላና አጎት ሲክስተን ይፈልጉ የነበረው ሴት ልጅ ነው፤ ይህንንም አይደብቁትም። አመሻሽ ላይ ቴግኔርሉንደን በሚባል መናፈሻ አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻውን ይቀመጣል። በ«ልበ አንበሳ» ደግሞ ካርል፣ ወንድሙ ስኮርፓን እያለ የሚጠራው፣ በሳል ታሞ ወጥ ቤት ውስጥ ባለው የእንጨት ሶፋ ላይ ይተኛል። አባቱ ባሕር ሄዶ አልተመለሰም፤ እናቱ የሰው ልብስ ስትሰፋ ትውላለች። ወንድሙ ዮናታን ከትምህርት ቤት እስኪመጣ ይጠብቃል።

ሦስት መጽሐፎች፣ ሃያ አራት ዓመታት፣ አንድ ዓይነት አቀማመጥ። ልጁ አንድ ቦታ ተቀምጧል፤ የሚያስበው ሰው የለም፣ ወይም ጊዜ የለውም፤ እሱ ይጠብቃል። ከዚያ አንድ ሰው ይመጣል። ለቤርቲል አልጋው ሥር የሚኖር የአውራ ጣት ቁመት ያለው ልጅ፣ ለቦሴ የሩቅ አገር ንጉሥ የሆነው አባቱ፣ ለስኮርፓን ወንድሙ። ከሊንድግሬን ሕይወት ወደ ተረቶቿ የገባው ትልቁ ነገር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፦ ክስተቱ አልገባም፤ የጠባቂው ልጅ ስፍራ ግን ገብቷል። አስትሪድ ታሪኩን በባቡር ከምትመጣው እናት በኩል አልጻፈችውም። ኮፐንሃገን ከቀረው ልጅ በኩል ጻፈችው። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገውን ድፍረት ሳስብ ለሷ ያለኝ ክብር ይጨምራል። የራሷን ችግር ማስረዳት ትችል ነበር፤ ምክንያት አላጣችም። ገጾቹን ግን ሙሉ በሙሉ ለልጁ ሰጠች።

አንድ ነገር ደግሞ ያስተውሉ። በእነዚህ ተረቶች ውስጥ የምትመጣው እናት አይደለችም። የስኮርፓን እናት ክፉ አይደለችም፤ ትሠራለች፣ ትደክማለች፣ ታዝናለች። ማንም አይወቅሳትም። ግን ጊዜ የላትም። ቦሴ ደግሞ የሚጠብቀው አባቱን ነው፤ ስሙ በየትኛውም ወረቀት ላይ የሌለ አባት። ሪግስሆስፒታል የተወለደው ልጅም እንደዚያው ነበር። እዚህ ላይ ግን እቆማለሁ፤ ከዚህ በላይ መሄድ ግምት ነው።

ግምት ከማስረጃ የሚለይበት መንገድ አለ፤ ለራስዎም ለጓደኛዎም ይጠቅማል። አንድ ሰው «ይህ ከሕይወቷ የመጣ ነው» ሲልዎ መጀመሪያ ቀኑን ያመሳክሩ። ክስተቱ ከመጽሐፉ በፊት ነው ወይስ በኋላ? «ልበ አንበሳ» የተጻፈው ታላቅ ወንድሟ ጉናር ስለ ሞተ ነው ማለት ቀላል ነው፤ የሁለት ወንድማማቾችና የሞት ታሪክ ነውና። ጉናር የሞተው ግን በ1974፣ መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ነው። ነገሩ እዚያው ወደቀ። «ስኮርፓን ላሴ ነው» የሚለውም እንዲሁ በቀጥታ አይቆምም፤ መጽሐፉ ሲወጣ ላሽ 46 ዓመቱ ነበር። ቀጥሎ ደራሲዋ ራሷ ምን እንዳለች ይዩ። ሦስተኛው ማመሳከሪያ ድግግሞሹ ነው፦ በአንድ መጽሐፍ ብቻ የታየ ነገር አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፣ በሦስት መጽሐፍ ከተመላለሰ ግን ደራሲውን የያዘው ነገር ነው። ስለ ጠባቂው ልጅ የተናገርሁት የቆመው በመጀመሪያውና በሦስተኛው ላይ ነው፤ በሁለተኛው ላይ አይደለም። የእኔ ንባብ መሆኑን ልብ ይበሉልኝ።

ምክንያቱም ስለ «ልበ አንበሳ» አመጣጥ እሷ የተናገረችው ሌላ ነው፤ ላሴ በዚያ ውስጥ የለም። ሦስት ፍሬዎችን ትጠቅሳለች። አንደኛው በቪመርቢ የመቃብር ስፍራ ያየችው የብረት መስቀል ነው፤ ዮሃን ማግኑስና አካቴስ ፋሌን የተባሉ ሁለት ሕፃን ወንድማማቾች በ1860 ሞተው እዚህ ያርፋሉ የሚል ጽሑፍ አለበት። ሁለተኛው በቬርምላንድ፣ በፍሪኬን ሐይቅ ዳር፣ በክረምት ማለዳ ከባቡር መስኮት ያየችው የንጋት ብርሃን ነው። ሦስተኛው አንዱ መጽሐፏ ፊልም ሲሠራ፣ በጋዜጠኞች ፊት የቀረበው ትንሹ ተዋናይ ግርግሩ ሲሰለቸው ሄዶ ታላቅ ወንድሙ ጭን ላይ ሲቀመጥ ማየቷ ነው። መቃብር፣ ብርሃን፣ የወንድም ጭን። ከዚህ ሦስት ነገር ሌላ ደራሲ ሌላ መጽሐፍ ይጽፍ ነበር። እሷ እጅ ሲገባ ግን ትንሹ ወንድም የሚጠብቅ ልጅ ሆነ። የውጭው ዓለም ፍሬውን ይጥላል፤ ሕይወቷ መሬቱ ነበር።

ወጥ ቤቱ ደግሞ ሌላ ሥር አለው፤ ይህኛው የደስታ ነው። አስትሪድ ገና ማንበብ ሳትችል ኔስ ውስጥ ከብት ጠባቂው ቤት ትሄድ ነበር። የሰውየው ሚስት ክሪስቲን ትባላለች፤ ልጃቸው ኤዲት ከአስትሪድ ትበልጣለች። ክሪስቲን ወጥ ቤት ውስጥ ኤዲት ስለ ግዙፉ ባምባምና ስለ ቪሪቡንዳ የሚናገር ተረት አነበበችላት። አስትሪድ የመጽሐፍን ዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘችው በዚያች ድኻ ወጥ ቤት እንደ ነበር በኋላ ራሷ ጽፋለች። አሁን «ልበ አንበሳ»ን ይክፈቱ፦ ወጥ ቤት፣ የሚያዳምጥ ትንሽ ልጅ፣ ስለ ሩቅ አገር የሚተርክ ትልቅ ልጅ። ልጅ ለልጅ ተረት የሚያወርስበት ቦታ ለሷ ወጥ ቤት ነበር። አዋቂዎቹ ሥራ ላይ ናቸው።

ስለ ኔስ ልጅነቷ ስትናገር ሁለት ቃላት ትደጋግም ነበር፦ ዋስትናና ነፃነት። ወላጆቿ ይዋደዱ ነበር፣ ሁልጊዜ ቤት ነበሩ፣ ግን ልጆቹን አይከታተሏቸውም፤ አራቱ ልጆች ሥራ ያግዙና ከዚያ ዛፍ ላይ፣ ጫካ ውስጥ፣ ድርቆሽ ቤት ውስጥ ይጠፋሉ። በ1981 የወጣችው «የሽፍታው ልጅ ሮንያ» ሁለቱንም በሙሉ ይዛለች፤ ጫካውም አለ፣ አባትም አለ። እንግዲህ ጠባቂውን ልጅ መጻፍ የቻለችው ተቃራኒውን ስለምታውቅ ነው። ልጅ ሊኖረው የሚገባውን ኔስ ላይ አይታለች፤ ሲያጣው ምን እንደሚመስል ላሴ ላይ አይታለች። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢኖራት ኖሮ ተረቶቿ ወይ ሁሉም ፀሐይ፣ ወይ ሁሉም ጨለማ ይሆኑ ነበር።

ዝነኛዋን ገጸ ባሕርይዋን ፒፒን ብዙ አልሄድባትም፤ እርስዎም ያልጠየቁት ስለሆነ። ስሟን ያወጣችው ሴት ልጇ ካሪን ናት፤ በ1941 በሳንባ ምች ተኝታ ሳለ «የፒፒ ሎንግስትሩምፕን ተረት ንገሪኝ» አለቻት። በማርች 1944 አስትሪድ በረዶ ላይ ተንሸራትታ እግሯ ወለም ብሎ ቤት ዋለች፤ ያን ጊዜ ተረቱን በወረቀት አሰፈረችው። በሜይ 21 ካሪን 10 ዓመት ሲሞላት በስጦታ ሰጠቻት። ቦኒየርስ አሳታሚ አልቀበልም አለ፤ ራቤን ኦ ሾግሬን በ1945 አሳተመው። ፒፒም እናቷ የሞተች፣ አባቷ ባሕር የወሰደው፣ ብቻዋን የምትኖር የ9 ዓመት ልጅ ናት። እሷ ግን አትጠብቅም። ፈረስ የምታነሳ ጉልበትና የወርቅ ሳንቲም የሞላ ቦርሳ ሰጥታት ከመጠበቅ አዳነቻት።

በ«ልበ አንበሳ» ውስጥ ያለው ጨካኙ ቴንጊል ከየት መጣ የሚለው ግን ማስረጃው ጠንካራ ነው። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939፣ ጦርነቱ በጀመረበት ዕለት፣ አስትሪድ የማስታወሻ ደብተር ጀመረች፤ እስከ 1945 መጨረሻ ድረስ የጋዜጣ ቁራጭ እየለጠፈች 17 ደብተር ሞላች። ደብተሮቹ የታተሙት በ2015 ነው። ከ1940 ጀምሮ ደግሞ በምሥጢር የመንግሥት የደብዳቤ ሳንሱር ክፍል ተቀጥራ ከውጭ የሚመጡና ወደ ውጭ የሚሄዱ ደብዳቤዎችን ታነብ ነበር። በተያዙ አገሮች ተራው ሰው እንዴት እንደሚኖር ከጋዜጣው ሳይሆን ከራሱ ከሰዉ እጅ ጽሑፍ ታውቅ ነበር። አሁን ቴንጊል ስለሚገዛው ስለ ተርንሮስ ሸለቆ የሚናገሩትን ምዕራፎች ይዩ፦ ሕዝቡን ያጠረው ግንብ፣ የሰዓት እላፊው፣ በግዳጅ የሚወሰዱት ወንዶች፣ የሚዘረፈው እህል፣ ከመካከላቸው ማን ከሃዲ እንደ ሆነ አለማወቁ። ከሃዲውን እዚህ አልጠራውም፤ ልጅዎ ገና እየሰማ ነው። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ዮናታን ሰው አልገድልም ይላል። ቴንጊልን የሚታገሉት ሰዎች መሪ ሁሉም እንዳንተ ቢሆን ክፋት ለዘላለም ይነግሥ ነበር ሲለው፣ ስኮርፓን ሁሉም እንደ ዮናታን ቢሆን ክፋት ባልኖረ ነበር ብሎ ይመልሳል። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1978፣ ፍራንክፈርት ላይ የጀርመን መጻሕፍት ነጋዴዎችን የሰላም ሽልማት ስትቀበል ልጅን ስለ መምታት የተናገረችው ዝነኛ ንግግር ከዚሁ ሐሳብ የወጣ ነው። ስዊድን ልጅን በአካል መቅጣት በሕግ የከለከለችው በ1979 ነው።

አሁን ስቴኖግራፊው። ሰው ብዙ የማያነሳው፣ እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ነገር ነው። አስትሪድ ያን ሙያ የተማረችው ነፍሰ ጡር ሆና፣ ራሷንና የሚመጣውን ልጅ ለማኖር ነው። ከዚያ በኋላ መጽሐፎቿን በሙሉ መጀመሪያ የምትጽፈው በዚያው አጭር ጽሕፈት፣ ሜሊን በሚባለው የስዊድን ሥርዓት፣ በትንንሽ ደብተሮች ላይ ነበር። 670 ያህል ደብተሮች ቀርተዋል። ጠዋት አልጋዋ ላይ ሆና በስቴኖ ትጽፋለች፤ ከዚያ በጽሕፈት መኪና ትገለብጣለች፤ ከሰዓት ራቤን ኦ ሾግሬን ሄዳ የልጆች መጻሕፍት ክፍልን በአርታኢነት ትመራለች፤ ከ1946 እስከ 1970 በዚህ ሥራ ቆየች። ስቴኖ የተፈጠረው ንግግርን ለመያዝ ነው፤ እጅ ከአፍ እኩል ይሮጣል። መምህሯ ለልጅዎ ጮክ ብላ ስታነብ ዐረፍተ ነገሮቹ የሚያጥሩት፣ «እና» እያሉ የሚቀጥሉት፣ አንድ ልጅ ጆሮዎ ላይ የሚያወራ የሚመስለው አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ዓረፍተ ነገሮቹን ከመጻፏ በፊት ትሰማቸው ነበር። ለላሴ ብላ የተማረችው መሣሪያ የድምፅዋ መሣሪያ ሆነ።

ወደ ልጅዎ እንምጣ።

መጽሐፉን ከቤተ መጻሕፍት ተውሰው ከመምህሯ ሁለት ምዕራፍ ቀድመው ያንብቡ፤ ቢያንስ ምን እንደሚመጣ ያውቃሉ። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ደግመው አብራችሁ የምታነቡ ከሆነ ዮናታን የሚሞትበት የቤት እሳት ላይ ወይም ስኮርፓን ብቻውን የቀረበት ላይ አታቁሙ፤ ናንጊያላ ደርሶ ወንድሙን እስኪያገኝ በአንድ ቁጭታ ይዝለቁ። አብዛኛው ልጅ የሚረበሸው ሞቱ ላይ ሳይሆን በሞቱና በመገናኘቱ መካከል ባለው ክፍተት ሲያድር ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ምዕራፎች ደግሞ ለመኝታ ሰዓት አያድርጓቸው፤ ቀን፣ ለማውራት ጊዜ ባለበት ሰዓት ይሁን።

«ናንጊያላ እውነት አለ?» ላለው፣ በቀጥታ ይመልሱለት፦ የተረት አገር ነው። መጽሐፉም የካምፕ እሳትና የተረት ዘመን ብሎ ነው የሚጠራው። የቤተ ክርስቲያን ገነት አይደለም፣ የመስጊድ ጀነትም አይደለም፤ ክፉ ገዥ አለበት፣ ዘንዶ አለበት፣ ሰው ይሞትበታል። እናንተ ቤት የምታምኑትን ከዚህ ጋር ማጋጨት አያስፈልግም፤ ሁለቱን ለይተው ሊነግሩት ይችላሉ። ከዚያ እሱን ይጠይቁት፦ ስኮርፓን በጣም የሚፈራው ምንድን ነው? ልጆች ብዙ ጊዜ «ብቻውን መቅረት» ይላሉ። ልጅዎም እንዲህ ካለ ማታ ማታ የሚጠይቅዎ ስለ ሞት ሳይሆን «ቤት ትኖሪያለሽ ወይ?» ብሎ ሊሆን ይችላል፤ መልሱም ቀላል ይሆናል።

መጨረሻው ላይ አንድ ዝላይ አለ፤ በ1973 ሐያስያንን ያከራከረውም እሱ ነው። ራስን ማጥፋት ነው ያሉ ነበሩ። መጽሐፉ ሁለት ንባብ ይፈቅዳል። አዋቂው ታማሚው ልጅ ወጥ ቤቱ ሶፋ ላይ ሆኖ ይህን ሁሉ ያለመና በመጨረሻው ገጽ የሞተ አድርጎ ሊያነበው ይችላል፤ ልጁ ግን ሁሉም በእውነት እንደ ሆነ አድርጎ ያነባል፤ ሁለቱ ወንድማማቾች አልተለያዩም፣ በቃ። «ሚዮ»ም መጨረሻው ላይ ይህንኑ ሁለት በር ክፍት ትቶ ያልፋል። ልጅዎን የአዋቂውን ንባብ አያስገድዱት። ነገር ግን በቅርቡ ሰው የሞተበት ከሆነ፣ ወይም እሱ ራሱ መሞት እፈልጋለሁ የሚል ቃል ከወጣው፣ ከመጽሐፉ ጋር አያያይዙትና ወዲያው መምህሯንና የትምህርት ቤቱን ነርስ ያነጋግሩ።

«ከዚያስ ምን ሆኑ?» ካለ መልስ አለ። ይህን ጥያቄ እጅግ ብዙ ልጆች ጽፈው ስለ ላኩላት ሊንድግሬን መልስ ጽፋለች፦ ወንድማማቾቹ ከናንጊያላ ቀጥሎ ያለው አገር፣ ናንጊሊማ፣ ደርሰው የፖም ሸለቆ በሚባል ቦታ በሽማግሌው በማትያስ እርሻ ላይ ይኖራሉ፣ ጫካ ውስጥ ጎጆ ይሠራሉ። ይህን ሲነግሩት ፊቱን ይዩት።

መጽሐፉን ከወደደው ቀጥሎ «ሚዮ»ን ይስጡት፤ ያጥራል፣ ለ10 ዓመት ልጅም ይስማማል። የቦሴ ቤት ኡፕላንድስጋታን 13 ነው ይላል፤ ቴግኔርሉንደን ከዚያ ቅርብ ነው፣ ሊንድግሬን ከ1941 ጀምሮ እስከ ሞተችበት እስከ 2002 የኖረችበት ዳላጋታን 46ም በእግር የሚደረስ ነው። አንድ ቅዳሜ ፖም ይዛችሁ ሄዳችሁ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ልታነቡ ትችላላችሁ። የመጨረሻውን ገጽ ግን ራሱ እስኪደርስበት አይንገሩት።